ጠመኔው በማን ሒሳብ ይገዛ?



ሰኔ እየቀረበ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ሰኔ ሲቀርብ ወሬው ሁሉ አንድ ይሆናል። ሻይ ቤት ውስጥ፣ መኝታ ቤት ደጃፍ፣ ልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ዘንድ የሚሰማው «ዕጣው የት ያደርሰኝ ይሆን?» የሚል ነው። «መብራት ያለበት ወረዳ ከደረሰኝ ስለት አለብኝ» ያለችውንም ሰምቻለሁ። አልፈርድባትም። እኔም በጊዜዬ ተስያለሁ፤ ስለቴ ግን አልሰመረም።

ስለ ዕጣው ማውራታችን ካልቀረ አንድ ጥያቄ እንድንጨምርበት ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት። ይኸውም፣ የሚደርሳችሁ ት/ቤት ቆላም ይሁን ደጋ፣ ጠመኔውን በማን ሒሳብ ይገዛል? ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የመምህሩ የሥራ ሁኔታም፣ መንግሥት ለትምህርት የሚመድበው ገንዘብም፣ የወላጁ ኪስም የሚገናኙት በዚህችው ጥያቄ ላይ ነው።

ከተግባር ልምምድ ከተመለሳችሁት መካከል ጥቂቶቻችሁን ጠይቄ ነበር። አንዱ «ጋሼ፣ እኔስ ጠመኔ ይዤ ነው የሄድኩት፤ አምና የወጡት ልጆች ነግረውኝ ነበር» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ የክፍል ኃላፊው መምህር በሳምንት ስንት ጠመኔ እንደሚሰጣት ቆጥሮ እንዳስፈረማት ነገረችኝ። ሦስተኛው ሳቀና «ጠመኔውስ ይቅር፣ ሰሌዳው ራሱ ነጥቶ አይጽፍም» አለ። ሁሉም እየሳቁ ነው የነገሩኝ። የሚያሳስበኝ ይኸው ሳቅ ነው። ገና ሥራ ሳንጀምር ለምደነዋል ማለት ነው።

ያቺ ተማሪ

እስቲ ከራሴ ልጀምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተመደብኩበት ት/ቤት ከወረዳው ከተማ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። ስድስት ክፍል ነበረው። ሁለቱ በቆርቆሮ፣ ሁለቱ በሣር የተከደኑ የጭቃ ቤቶች ሲሆኑ የቀሩት ሁለቱ ዳስ ነበሩ። በክፍሌ ውስጥ 84 ልጆች ነበሩ፤ አግዳሚ ወንበር የደረሳቸው ሰላሳ ቢሆኑ ነው። የቀሩት በድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ይኸንን ስናገር ማጋነን የሚመስለው ካለ ከአሠልጣኞቹ አንዱን ይጠይቅ፤ አብዛኞቻችን ያለፍንበት ነው።

በኅዳር ወር ርዕሰ መምህሩ ሰበሰበንና የጥበቃው ደሞዝ እንዳልተከፈለ፣ ጠመኔና ወረቀት እንዳለቀ፣ ወረዳው ለሥራ ማስኬጃ የሰጠው ነገር እንደሌለ ነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ተነጋገረና በአንድ ተማሪ 10 ብር እንዲዋጣ ተወሰነ። ሰብሳቢዎቹ ማን ሆንን? እኛ፣ የክፍል ኃላፊ መምህራን። ያልከፈለ ተማሪ ስሙ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ እንዲጠራ፣ ካርዱም እንዲያዝ ተባለ።

ከክፍሌ 17 ልጆች አልከፈሉም ነበር። አንድ ዓርብ ጠዋት ሰልፉ ፊት ቆሜ የ17ቱንም ስም አነበብኩ። ከእነሱ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። በክፍሉ ውስጥ ከእሷ የተሻለ የሚያነብ አልነበረም፤ እኔ ውኃ ስጠጣ «አንቺ ቀጥይ» የምላት እሷን ነበር። ስሟን ስጠራ ቀና ብላ አየችኝና አቀረቀረች። ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም።

በሁለተኛው ሳምንት ቤቷ ሄድኩ። እናትየዋ ጌሾ እየወቀጡ ነበር። ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ የሚቀመጡበትን በርጩማ ለኔ ለቀቁልኝ። «መምህር፣ ብሩንስ ከጎረቤት ተበድሬ አዘጋጅቼላት ነበር። እሷ ግን አፈረች። ልጅ ፊት ከተጠራሁ ወዲያ አልመለስም ብላ እምቢ አለች። እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የታዘዙትን ነው» አሉኝ። ልጅቱ በጓሮ ስትወጣ አየኋት። ከጥር በኋላ ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች መባሉን ሰማሁ።

«10 ብሩን ከኪስህ ብትከፍልላትስ?» ትሉኝ ይሆናል። ለአንዷ እችል ነበር። 17 ነበሩ። ደሞዛችንም በዚያ ወር ለሦስት ሳምንት ዘግይቶ ከባለ ሱቁ በዱቤ ስንበላ ነበር። ግን ይኸ ሁሉ ምክንያት አያጽናናኝም። ልጅቷን ከት/ቤት ያስወጣት የወረዳው በጀት ነው ብል እውነት ነው፤ ድምፁ ግን የኔ ነበር። ስሟን የጠራሁት እኔ ነኝ።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

ይኸ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የገንዘቡን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሥልጠናችን ብዙ ነገር እንማራለን፤ ይኸን ግን አንማርም።

ከፌዴራል መንግሥት የሚወጣው ድጎማ በቀመር ተከፋፍሎ ወደ ክልል ይወርዳል። ክልሉ ደግሞ ለወረዳ ያከፋፍላል። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ በትላልቆቹ ክልሎች ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጣቸውን ገንዘብ ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ለሕዝቡ ቅርብ የሆነው አካል ይወስን ነው የተባለው። የወረዳው ምክር ቤት ገንዘቡን ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውኃ ያካፍላል። ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ መምህራን ብዙ ነንና።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። የትምህርት ድርሻ ከሁለት ይከፈላል፤ ደሞዝ እና ሥራ ማስኬጃ። ደሞዝ ግዴታ ነው፤ ካልተከፈለ መምህሩ ይጮኻል፣ ይለቃል። ሥራ ማስኬጃው ግን አይጮኽም። ጠመኔ አቤቱታ አይጽፍም፣ ሰሌዳ ሥራ አይለቅም። ስለዚህ ገንዘቡ ሲያንስ የሚቆረጠው ዘወትር ሥራ ማስኬጃው ነው። አዲስ መምህር ሲቀጠርም፣ ደሞዝ ሲጨመርም፣ ጥቅሉ በዚያው መጠን ካላደገ የሚጎድለው ከዚያችው ከሥራ ማስኬጃዋ ነው። በብዙ ወረዳዎች ከትምህርት በጀቱ ደሞዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለማለት ያህል ብቻ ነው።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ለየት/ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ድጎማ መሰጠት መጀመሩ አይካድም። መንግሥትና ለጋሾች በጋራ ያወጡበት ነው። ብዙ ት/ቤት የመጀመሪያውን መደርደሪያ፣ የመጀመሪያውን ኳስ የገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚታሰበው በተማሪ ሲሆን የዕቃው ዋጋ ደግሞ በገበያ ነው። ገበያ ሲወጣ ድጎማው አብሮ ካልወጣ ወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ ይሆናል። «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ይኸው ነው። ደግሞም ገንዘቡ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ትምህርት በመስከረም ይጀመራል፤ ድጎማው በጥር ቢመጣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ በማን ይታለፋሉ? በመዋጮ።

እንግዲህ ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በክፍተቱ ውስጥ የቆመው ደግሞ መምህሩ ነው። ከበላዩ ያለው አካል «ሕዝቡን አስተባብሩ» ይላል፤ ከፊቱ ያለው ወላጅ «ትምህርት ነፃ ነው አላላችሁም ወይ?» ይላል። ወላጁ ልክ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ነው የደነገገው። የተጻፈውና የሚሠራው ሲለያዩ የሚያፍረው ጽሑፉን የጻፈው ሳይሆን ሰልፍ ፊት የቆመው ነው።

ቀድሞ እንዴት ነበር?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት የኔታን የሚያኖረው ደብሩና ሰበካው ነበር፤ ቆሎ ተማሪውም ለምኖ ነበር የሚማረው። የኔታ ግን ልጅን በመዋጮ ስም አይጠራም ነበር።

በ1940 ዓ.ም. በአገራችን የትምህርት ግብር የሚባል ታወጀ። በመሬት ላይ የሚጣል ሆኖ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ነበር የታሰበው። እንከኑ ብዙ ነበር። ባለመሬቱ ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ያዞረው ነበር፤ ግብሩን እየከፈለ ልጁ ት/ቤት ደጃፍ ሳይደርስ የቀረም ገበሬ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን ነበረው። ገንዘቡ ስም ነበረው። «ይኸ ለትምህርት ነው» ተብሎ ተለይቶ የሚሰበሰብ ስለነበር አንድ ሰው ተነሥቶ «የት ደረሰ?» ቢል የሚጠይቀው ነገር ነበረው። ዛሬ በየወረዳው ለት/ቤት ሥራ ማስኬጃ የሚመደበው ስም የለውም፤ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ መጥፋቱም አይታወቅም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ያነሡት ሁለት ነገር እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ አልነበራችሁም እንጂ ሰምታችኋል። አንደኛው የደሞዝ ጥያቄ ነበር። ሁለተኛው ሴክተር ሪቪው ይባል የነበረው ጥናት ነበር። ጥናቱ ለአብዛኛው ሕዝብ ልጅ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል ወደሚል ያዘነበለ በመሆኑ መምህሩም ወላጁም ተማሪውም ተቃወመው። በዚያው ወር መንግሥት ጥናቱን በሥራ ላይ ማዋሉን ለማዘግየት ተገደደ። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ትምህርት ነው። መምህሩ የተሰማው ስለ ኪሱ ብቻ ስላልተናገረ ነው። የራሱን ደሞዝና የሕዝቡን ልጅ ትምህርት በአንድ አፍ ስለጠየቀ ሕዝቡ አብሮት ቆመ።

ከዚያ ወዲህም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሕዝቡ ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያፈሰሰበት ነበር። በማግሥቱ ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። የኛ ሕዝብ ለትምህርት መስጠት አያውቅም የሚል ካለ ታሪክ አያውቅም። ከዚያ በኋላም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ1987 ዓ.ም. ከነበረው 3 ሚሊዮን ያህል በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በሃያ ዓመት ውስጥ ስድስት እጥፍ! ይኸ ትልቅ ሥራ ነው፤ የተሠራውም በመምህሩ ትከሻ ነው። በፈረቃ፣ በዳስ፣ በአንድ ክፍል ሰማንያና ዘጠና ልጅ በማስተማር።

የመምህሩስ ደሞዝ?

አንዳንዱ አንባቢ «ስለ ጠመኔ ይኸን ያህል ስትጽፍ ስለ ደሞዛችን ዝም ልትል ነው?» ይል ይሆናል። አልልም።

በደርግ ዘመን በዲግሪ የተቀጠረ ሰው መነሻ ደሞዙ ብር 500 ነበር። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በይፋ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ስለነበረ ደሞዙ ወደ 240 ዶላር ይጠጋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋው ወርዶ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር በባንክ ከ140 ብር በላይ ሆኗል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ መንግሥት የደሞዝ ማስተካከያ ሲያደርግ ለዲግሪ ምሩቅ የተነገረው መነሻ ብር 11,500 ነው፤ ቀድሞ ከነበረው 6,940 ብር ጋር ሲተያይ ጭማሪው ቀላል አይደለም። ቢሆንም በዚያ ምንዛሪ ሲሰላ ወደ 80 ዶላር ነው። የዚያን ጊዜው ሲሦ ማለት ነው። «የድሮው ምንዛሪ በመንግሥት የተወሰነ ነበር፣ ዶላሩም ራሱ ረክሷል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ግን ስሌት የማያሻው ሰው ካለ ወደ ገበያ ወጥቶ ጤፍ ይጠይቅ።

ከመጠኑም ይልቅ የሚያስመርረው መዘግየቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በደቡቡ የአገራችን ክፍል በአንዳንድ ዞኖች መምህራን ለወራት ሳይከፈላቸው ቀርተው ማስተማር ያቆሙበት ጊዜ ነበር። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ያልተከፈላቸው መምህራን ነበሩ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ት/ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህሩ ከመንደሩ ተፈናቅሏል። በእነዚህ ቦታዎች «የሥራ ሁኔታ» የሚለው ቃል ራሱ ቅንጦት ይመስላል። ቢሆንም ዕጣችሁ ከእነዚህ ወዳንዱ ሊያደርሳችሁ ስለሚችል ተሸፍኖ ሊታለፍ አይገባም።

«መምህር ሻማ ነው፤ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» ይሉናል። በምረቃ ቀን ሳይነገር አይቀርም። በበኩሌ ይኸን ምስጋና አልወደውም። ሻማ አንድ ምሽት ነው የሚያገለግለው። ሕፃኑን ከ1ኛ እስከ 8ኛ የሚያደርስ ሰው የሚፈለገው ለስምንት ዓመት ነው። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ቤት ኪራይ ከፍሎ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የሚያስተምር ሰው እንጂ የሚቀልጥ ነገር አያስፈልገንም።

ይኸን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1966 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ በጋራ ያጸደቁት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ አለ። ዛሬ የመምህራን ቀን የሚከበረው በዚያ ቀን ነው። ሰነዱ የመምህሩ የሥራ ሁኔታ ተማሪው በሚገባ እንዲማር የሚረዳ፣ መምህሩም ሐሳቡን በሥራው ላይ እንዲያሳርፍ የሚያስችል መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ መዋጮ ሲሰበስብ የሚውል መምህር ሐሳቡ በየትኛው ሥራ ላይ ነው ያረፈው? እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ2015 በኢንቾን የተሰበሰቡት መንግሥታት ከአገር አጠቃላይ ምርት ከ4 እስከ 6 በመቶ ወይም ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለትምህርት እንዲውል ተስማምተዋል። ለትምህርት የሚመደበው ድርሻ በመቶኛ ሲጠራ ትልቅ ሊመስል ይችላል። ዳቦው ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ ሲሆኑ ግን ትልቁ ቁራጭም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የሚጠየቀው መቶኛው ብቻ ሳይሆን ለአንድ ልጅ በእጅ የሚደርሰው ስንት ነው የሚለው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ያኔ ጣቱ ሁሉ ወደ መምህሩ ተቀሰረ። ከጥፋቱ ድርሻ የለንም አልልም። ግን በ2014 የተፈተነው ልጅ 1ኛ ክፍል የገባው በ2003 ነው። ያ ልጅ ለ12 ዓመት ሲቀመጥ የነበረው በምን ላይ ነው? መጽሐፍ ነበረው ወይ? በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር እንኳ መጽሐፉ ሳይታተም መምህሩ በስልኩ ላይ እያነበበ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ ከርሟል። ውጤቱ የተመዘገበው በመጨረሻው ቀን ይሁን እንጂ የተሠራው በ12ቱም ዓመት ነው።

«ሕዝቡ አይሳተፍ ነው የምትለው?»

ይኸ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ ሕዝቡ በገንዘብም፣ በጉልበትም፣ በዕቃም ት/ቤት እየጠገነ ነው። ዳስ የነበረው ክፍል በብሎኬት ሲሠራ ያየ ሰው እንዴት ይቃወማል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር መለየት አለበት። ክፍል መሥራት የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ መክሮ፣ ያለው ብር፣ የሌለው ድንጋይ፣ አቅም ያነሰው ውኃ አቅርቦ ያቆመዋል። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የጥበቃ ደሞዝ ግን በየወሩ የሚያልቅ ነገር ነው። የሚያልቅ ነገር በዘመቻ አይሸፈንም፤ በጀት ነው የሚሻው። ደግሞም ጌጥ የሚሆነው ሎሚ በፈቃድ የተሸከሙት ነው። ልጅ ካርዱ ተይዞ የሚወጣው ብር ተሳትፎ ሳይሆን ክፍያ ነው። የከተማው ት/ቤት ነጋዴ ወላጅ ስላለው ብዙ ይሰበስባል፣ የቆላው ት/ቤት አይሰበስብም። በመዋጮ ብቻ ከሄድን ላለው ይጨመርለታል፣ የሌለው እንደሌለው ይቀራል።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ ከየት ይምጣ?» የሚለውም አለ። ድሃ መሆናችንን የገጠር መምህር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግን የአንድ ት/ቤት የዓመት ጠመኔ፣ ወረቀትና ቀለም ለአንድ ወረዳ ከሚወጣው የስብሰባ አበልና ነዳጅ ጋር ቢተያይ የቱ ይበልጣል? ሒሳቡ በየወረዳው ተለጥፎ ብናየው መልሱ ከክርክር ያድነን ነበር።

እኛስ?

ሌላውን ብቻ ወቅሶ መቀመጥ ደግ አይደለም። ከመካከላችን ሰኞ ሳይገባ ማክሰኞ የሚመጣ አለ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው ብሎ ክፍሉን ለተማሪ አለቃ ትቶ የሚሄድ አለ። የተሰበሰበውን መዋጮ ያለ ደረሰኝ ኪሱ የሚያቆይም አልጠፋም። ደሞዙ ያንሳል ብሎ የልጆቹን ክፍለ ጊዜ የሚቀንስ ሰው ዕዳውን ከማያውቀው ልጅ ላይ ነው የሚያስከፍለው። እንዲህ የሚያደርግ መምህር ባለበት መንደር ስለ በጀት ብንጮኽ ማን ይሰማናል? ወላጁ «መጀመሪያ እናንተ ግቡ» ቢለን ምን እንመልሳለን?

ምን ይደረግ?

ለሚመለከታቸው ክፍሎች የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ት/ቤት በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚሰጠው ሥራ ማስኬጃ ከደሞዝ ተለይቶ ይያዝ፤ ደሞዝ ሲጎድልም ከእሱ አይነካ። በየዓመቱም የጠመኔና የወረቀት ዋጋ እየታየ ይስተካከል። ሁለተኛ፣ በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ የመስከረሙ ገንዘብ ከመስከረም በፊት ት/ቤት ይድረስ። ሦስተኛ፣ ደሞዝ ወር ሳይጋመስ ይከፈል። አራተኛ፣ በሩቅ ገጠር ሕዝቡ ጉልበት ካዋጣ የመምህራን መኖሪያ ቢሠራበት ከብዙ ስብሰባ ይልቅ መምህርን ያቆያል።

ለእናንተ ለእጩ መምህራን ደግሞ ይኸን እላለሁ፦

ት/ቤት በደረሳችሁ ወር ርዕሰ መምህሩን በአክብሮት «የዘንድሮ ሥራ ማስኬጃችን ስንት ነው? ድጎማውስ መቼ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አንሡ። አመፅ አይደለም፤ መብትም ግዴታም ነው።

ከኪሳችሁ ለት/ቤቱ ያወጣችሁትን በአንድ ደብተር ላይ መዝግቡ። ጠመኔ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ ሁሉንም። ይመለስልን ለማለት አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ የአንድ ት/ቤት መምህራን ደብተራቸውን ቢደምሩ መንግሥት ያልከፈለውን መምህሩ ምን ያህል እንደከፈለ በቁጥር ይታያል። ለመምህራን ማኅበር ስብሰባ ከምሬት ይልቅ ቁጥር ይዞ መሄድ ይሻላል። ስትጠይቁም የደሞዙንና የሥራ ማስኬጃውን ጥያቄ አንድ ላይ አቅርቡ። ለየብቻ ከጠየቅናቸው አንዱን ከሌላው ቆርጠው ይሰጡናል።

መዋጮ የግድ ከሆነም በስብሰባ የተወሰነ፣ በሕጋዊ ደረሰኝ የሚሰበሰብ፣ ሰብሳቢውም ኮሚቴው ይሁን እንጂ የክፍል ኃላፊው መምህር አይሁን። መምህርና ተማሪ መካከል ብር ከገባ ትምህርት ይወጣል።

የመጨረሻው ልመናዬ ነው። የማንንም ልጅ ስም ስለ ገንዘብ ሰልፍ ፊት አትጥሩ። የሚያዛችሁ ቢኖር እንኳ «እኔ ስም የምጠራው ለትምህርት ነው» በሉ። በ1990ዎቹ ያንን ቃል የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም። ያቺ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለች የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት ናት፤ ምናልባትም የልጆች እናት። ልጇን ይዛ ለማስመዝገብ ከእናንተ ወዳንዱ ክፍል ትመጣ ይሆናል። ስትመጣ ጠመኔ የጨበጠ መምህር እንጂ የመዋጮ መዝገብ የያዘ ሰው አይቀበላት።

በሐሳቤ የማይስማማ ወይም የሚጨምርልኝ ካለ ጽሑፉን ለዝግጅት ክፍሉ ይስጥ፤ በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበታለን። በተለይ ከተግባር ልምምድ የመጣችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉ።

መልካም ምደባ፣ መልካም የሥራ ዘመን!

ከአንድ አሠልጣኝ መምህር